የመኪናችን ስክሪንና የሐዋሳ አቧራ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ዛሬ የማነጋግራችሁ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ያለሁት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የጉዱማሌ ሜዳ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል። መኪናዬን ጀርባዋን ለሐይቁ፣ ፊቷን ለከተማው አድርጌ አቁሜያታለሁ። ሐዋሳን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይ ውሃው ላይ ዝቅ ትልና በኋላው መስታወት ትገባለች፤ በመቀመጫዎቹ መሃል አልፋ ቀጥ ብላ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ስክሪን ላይ ታርፋለች። ቀን ላይ ጥቁርና ንጹሕ መስሎ የዋለው ስክሪን ያን ጊዜ ጉዱ ይወጣል። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ፣ ክብ ክብ የሠሩ ጭረቶች ይታዩበታል። መሃሉ ላይ፣ ብዙ ጊዜ የምነካው ቦታ ላይ፣ ይበልጥ ይበዛሉ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው አይደለም። እኔው ነኝ፤ በየጠዋቱ ለማጽዳት ብዬ፣ በደረቅ ሶፍት።

እንግዲህ የዛሬው ዝግጅታችን የመኪና ስክሪን ሳይጎዳ እንዴት እንደሚጸዳ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየላቫጆው፣ በየመኪና ማቆሚያው፣ በየቀኑ የማየው ጥፋት ስለሆነ ጊዜ ሰጥተን ብንነጋገርበት ወደድኩ።

«ጭረት ብቻ ከሆነ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ድሮ ቢሆን እውነት ነበር። ስክሪን ዘፈን መምረጫ ብቻ በነበረበት ጊዜ ቢደበዝዝም ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም። ዛሬ ግን ብዙው ሥራ የሚሠራው በስክሪኑ ነው፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ የሚነካ ስክሪን መኪና ውስጥ ከገባ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ቢዊክ «ሪቬራ» የተባለ መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ሲያቀርብ ዳሽቦርዱ መሃል በጣት የሚታዘዝ ስክሪን ነበረው። ሬዲዮውም፣ አየር ማቀዝቀዣውም የሚስተካከለው በእሱ ነበር። አሽከርካሪዎቹ «ዓይናችንን ከመንገድ ላይ ይወስድብናል» ብለው አማረሩ፤ ኩባንያውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተወው። ዛሬ ያ ስክሪን ከነቤተሰቡ ተመልሶ መጥቷል።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ የተፋጠነው በቅርቡ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ሄዷል። ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ፣ የቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ፣ ሌሎችም አሉ፤ ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ስትገቡ እንደ ድሮው ቁልፍና መዘውር አታገኙም። የሚያቀዘቅዘውም፣ የሚያሞቀውም፣ የኋላ ካሜራውም፣ የቻርጁ መረጃም በአብዛኛው ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ሲታመም መኪናዋ ግማሽ ጎኗ ይታመማል። መለወጫው እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

እንግዲህ ወደ አቧራው ልመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

አሁን ጣቴን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፍኩ። ነጣ ያለ፣ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይዞ ተነሣ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አድርጌ ሳሸው ይሻክራል። የስንዴ ዱቄት እንዲህ አይሻክርም። ይህ አቧራ ከየት መጣ?

የሐዋሳ ሐይቅ የተኛው ከብዙ ዘመን በፊት በተደረመሰ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ከከተማችን በስተሰሜን ያለው ኮርቤቲ ደግሞ ከመሬት በታች ሙቀቱ ዛሬም ያልበረደ እሳተ ገሞራ ነው። አካባቢያችን በብዛት የለበሰው ከእነዚህ የተተፋውን አመድና ቀላል ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ታውቁታላችሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ብሎኬት የሚመረትበት፣ ተረከዝ የሚፈገፈግበት፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት የሚንሳፈፈው ነው። ይህ ድንጋይም ሆነ አመዱ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ስብርባሪ ብርጭቆ ነው። የቀለጠ አለት ድንገት ሲበርድ ብርጭቆ ይሆናልና። ባልጩትም ያው ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ብርጭቆ። ኮርቤቲ አካባቢ ባልጩት ሞልቷል። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች ባልጩት ሰንጥቀው፣ እጀታ ላይ ተክለው የላም ቆዳ ይፍቁበት እንደነበር ከሽማግሌዎች የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

ስክሪኑ ላይ ያረፈውን አቧራ በደረቅ ሶፍት ተጭነን ስናሸው የምንሠራው ያንኑ የቆዳ ፋቂውን ሥራ ነው። ሶፍቱ እጀታው፣ አቧራው ስለቱ፣ ስክሪኑ ደግሞ ቆዳው ይሆናል።

«የስክሪኑ ብርጭቆ ጠንካራ አይደለም እንዴ?» ካላችሁ፣ አንዳንዱ ጠንካራ ነው። ከብርጭቆው ላይ ግን በዓይን የማይታይ እጅግ ስስ ሽፋን ይቀባል። አንዱ ሽፋን የፀሐይ ነጸብራቅ እንዲቀንስ ነው። ሌላው የጣት ቅባት እንዳይጣበቅበት ነው። አዲስ መኪና ስትገዙ ጣታችሁ ስክሪኑ ላይ ሸተት የሚለው፣ አሻራውም በቀላሉ የሚለቀው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። ሽፋኑ አንዴ ከተላጠ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ አሻራ የሚወድ ይሆናል፤ አሻራ ሲበዛ እኛም አብዝተን እናሻለን፤ ባሸን ቁጥር የቀረው ይላጣል። ከመሪው ኋላ ያለው የፍጥነት ማሳያ መሸፈኛ ደግሞ በብዙ መኪኖች ላይ ፕላስቲክ ነው፤ እሱማ ከብርጭቆ ይልቅ በጣም ለስላሳ ስለሆነ በአንድ ቀን ሊጫጫር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቅባት ነው። ጉዱማሌ ቁጭ ብዬ ስለ ቅባት ሳወራ ፍቼ ጫምባላላን ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን ከዋክብት አይተው የሚወስኑት አያንቶዎች ናቸው፤ ሕዝቡም ከየአቅጣጫው ወደዚህ ሜዳ ይተምማል። በበዓሉ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ፤ የሚቀርብላቸውም ቡርሳሜ ነው፤ ከእንሰት በወተትና በቅቤ የሚሠራው ምግብ።

አንድ ዓመት በጫምባላላ የጎረቤቶቼን ልጆች ጭኜ ወደዚህ መጣሁ። ከኋላ ሆነው በመቀመጫዎቹ መሃል እጃቸውን እየሰደዱ ዘፈን ሲመርጡ ዋሉ። ማታ ቤት ስደርስ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ጣቶች፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ በቅቤ ታትመው ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ልጅ በበዓሉ ቀን አይቆጣም። የተሳሳትኩት በማግሥቱ ነው። ቅቤው ሌሊቱን የመንገዱን አቧራ ይዞ አድሯል። እኔም ሶፍት አወጣሁና ፈተግኩት። ቅቤ ብቻውን ስክሪን አይጭርም፤ ብርጭቆ ያዘለ አቧራ የተቀላቀለበት ቅቤ ግን እንደ መሞረጃ ነው። ዛሬ ፀሐይ ከምታሳየኝ ክብ ክብ ጭረት አብዛኛው የያኔው እጄ የዞረበት ዱካ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ወደ አጸዳዱ ከመግባቴ በፊት ስክሪኑ ጣታችንን እንዴት እንደሚያውቅ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ይህን ከተረዳን የቀረው ራሱ ይገባናል።

በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ከብርጭቆው ሥር ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ነገር የተሠራ ስስ ንጣፍ አለ። ብርሃን ያሳልፋል፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ንጣፉ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ተከማችቶ ይጠብቃል። የሰው ገላም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣታችን ሲቀርብ በዚያ ቦታ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መጠን ይለወጣል፤ መኪናው «እዚህ ጋ ተነካሁ» የሚለው በዚያ ነው። ይህን መንገድ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኢ. ኤ. ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 ጽፎ አስተዋውቋል፤ ያሰበውም ለአውሮፕላን ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ነበር። ሲነካ መጫን የማያስፈልገው፣ ጓንት አድርገን ስንነካው ደግሞ ብዙ ጊዜ አልሰማ የሚለን ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ውሃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥብ ጨርቅ ወይም የውሃ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ መኪናው ጣት ይመስለዋል። ስክሪኑ በርቶ ሳለ ስትወለውሉት በአንድ ጊዜ አሥር ቦታ የነካችሁት ያህል ነው። አሁን ደግሞ ከቻይና ከመጡት መኪኖች አንዳንዶቹ የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው። ስትወለውሉ አንድ ነገር ይለወጥና ጽሑፍ የያዘ መስኮት ብቅ ይላል፤ ምን እንደሚል ማን ያንብብላችሁ? አንድ የማውቀው አሽከርካሪ ስክሪኑን በርቶ ሳለ ሲጠርግ የመቀመጫ ማሞቂያውን አብርቶ፣ በሐዋሳ ፀሐይ ከሥሩ ሲጋገር ውሏል፤ የሚያጠፋለት ያገኘው በማግሥቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪኑ ይጥፋ።

ሁለተኛ፣ መጫን አያስፈልግም። መጫን ምንም አይጨምርልንም፤ ይቀንስብናል እንጂ። በተለይ እንደ ቪትዝ ባሉ ቀደም ያሉ መኪኖች ላይ ቆይቶ የተገጠመው ስክሪን አንዳንዴ ሌላ ዓይነት ነው፤ ላዩ ሲነካ ሰርጎድ የሚል ፕላስቲክ ሲሆን የሚሠራው በግፊት ነው። ያንን በጨርቅ ፈትጎ ማሸት ሥራውን ሊያበላሸው ይችላል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ብርጭቆ ከሆነ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ድምፁ ደፈን ይላል።

እንግዲህ አሁን፣ እዚሁ ተቀምጬ እያጸዳሁ ልንገራችሁ።

መኪናዋ ቆማለች። ይህን ደጋግሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ፣ ወይ እየነዳ፣ በአንድ እጁ ስክሪን የሚጠርግ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ደግሞ የሐዋሳ ባጃጅ አለ። ከቆማችሁ በኋላ አጽዱ።

ስክሪኑን አጠፋሁት። እንደ ቴስላ ያሉ መኪኖች ለማጽዳት ተብሎ የተዘጋጀ ትእዛዝ አላቸው፤ እሱን ሲነኩ ስክሪኑ ለጊዜው ንክኪ አይቀበልም። በሌሎቹ ላይ ስክሪኑን ብቻ የሚያጠፋ ትእዛዝ ቅንብሩ ውስጥ ፈልጉ። ካጣችሁ መኪናውን አጥፍታችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ጥቂት ጠብቁ። ስክሪኑ ሲጠፋ ሌላም ጥቅም አለ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አሻራና አቧራ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ከፍታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። የጋለ ስክሪን ላይ ያረፈ እርጥበት ሳንጠርገው ይደርቅና መስመር መስመር ሠርቶ ይቀራል።

ቀጥሎ አቧራው ነው፤ ሳይጫኑ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ከዝግጅቱ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይሄ ይሁን። ማይክሮፋይበር የሚባለውን ጨርቅ ይዣለሁ። ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ መነጽር ስትገዙ ሳጥኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚሰጣችሁ ጨርቅ የዚህ ዘመድ ነው። የማይክሮፋይበር ክር ከሐር ክር ይቀጥናል፤ አቧራውን ከመግፋት ይልቅ በክሮቹ መሃል ይይዘዋል። ጨርቁን ለአራት አጥፌዋለሁ። አሁን ከላይኛው ጠርዝ ጀምሬ፣ የጨርቁ ክብደት ብቻ እንዲያርፍ አድርጌ፣ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ አወርደዋለሁ። ክብ አላዞርም። ወደ ላይም አልመልስም። አንድ መስመር ስጨርስ ጨርቁን አየዋለሁ። ያውላችሁ፣ ነጣ ያለ የአቧራ መስመር ይዟል። ያን ፊት ወደ ውስጥ አጥፌ በንጹሑ እቀጥላለሁ። ለአራት የታጠፈ ጨርቅ እየገለበጡ ቢጠቀሙበት ስምንት ንጹሕ ፊት ይሰጣል፤ ለአንድ ስክሪን ይተርፋል።

አቧራው በጣም ከበዛ፣ ለምሳሌ ከጠጠር መንገድ ከገባችሁ፣ ለስላሳ ብሩሽ ይሻላል፤ ለፊት ዱቄት መቀቢያ የምትጠቀሙበት ዓይነት፣ ግን አዲስ የሆነ። የላቫጆውን ኮምፕረሰር ግን አታስነፉበት። ከአየሩ ጋር ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት አብሮ ይረጫል፤ አቧራውንም በጠርዙ ክፍተት ወደ ውስጥ ይከተዋል።

ብዙ ቀን እዚህ ላይ ያበቃል። ስክሪኑ ንጹሕ ነው። እርጥበት የሚያስፈልገው አሻራና ቅባት ሲኖር ብቻ ነው።

እርጥበት ሲያስፈልግ፣ የሚረጥበው ጨርቁ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር አይረጭ። የረጨነው ውሃ ወደ ታች ወርዶ በብርጭቆውና በፍሬሙ መሃል ያለችውን ቀጭን ስንጥቅ ያገኛል። ቀጭን ስንጥቅ ውሃ ይመጥጣል፤ ሶፍት ጫፉን ውሃ ስታስነኩት ወደ ላይ እንደሚስበው ማለት ነው። አንዴ ከገባ በኋላ በጠርዙ ላይ ጥቁር ወይም ቢጫ ጥላ ሠርቶ ይቀራል፤ አንዳንዴም ስክሪኑ ማንም ሳይነካው ራሱን መንካት ይጀምራል።

ጨርቁ ምን ያህል ይርጠብ? የጨርቁን አንድ ጥግ ብቻ አርጥቤ አጥብቄ ጨመቅኩት። አሁን የእጄ ጀርባ ላይ አሳረፍኩት። ይቀዘቅዛል፤ ሳነሣው ግን እጄ ላይ የሚያበራ ውሃ አይታይም። ልኩ ይሄ ነው።

ውሃውስ? ከቧንቧ የሚመጣው ይሆናል፣ ግን ምርጡ አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የከርሰ ምድር ውሃችን ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አስቡት፤ ያው ነገር ስክሪኑ ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። የተሻለው ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ ነው። የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ለባትሪ ተብሎ በጠርሙስ ይሸጣል። እዚህ ላይ አደራ! የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ፣ በተመሳሳይ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ስክሪኑንም፣ ጨርቁንም፣ እጃችሁንም ያቃጥላል። ጽሑፉን አንብቡ፤ ሻጩንም ጠይቁ፤ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ከሆነ አትግዙ። የተጣራ ውሃ ካላገኛችሁ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ወዲያው በደረቁ ጥግ ካደረቃችሁት ነጠብጣብ አይተውም።

ቅቤ ከሆነ ውሃ ብቻ አይለቀውም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጣሉ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ጨርቁን በዚያ አርጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ቅባቱ ላይ ጥቂት ሰከንድ አሳርፉት። ቅባቱ ሲለሰልስ በቀስታ ይነሣል። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጥግ የሳሙናውን ቅሪት አንሡ፤ በመጨረሻ አድርቁ። አቧራው አስቀድሞ መነሣቱን እንዳትረሱ። ያን ዓመት በጫምባላላ ማግሥት ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጭረት አይኖርም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ መድኃኒቶቹ። ቤታችን ውስጥ ያለው ማጽጃ ሁሉ ለስክሪን አይደለም።

የመስኮት መስታወት ማጽጃ የሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አሞኒያ አለበት። ለቤት መስኮት ደኅና ነው፤ የስክሪኑን ሽፋን ግን ያነሣዋል። ቲነር፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ያቀልጡታል ወይም ያጨማድዱታል። በረኪናን ማንሣትም አያስፈልገኝም። «ጭረት በጥርስ ሳሙና ይጠፋል» የሚሉ አሉ። የጥርስ ሳሙና ጥርስ የሚያነጣው በውስጡ ደቃቅ ፈጋጊ ዱቄት ስላለው ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሲታሽ ትልቁን ጭረት በሺህ ትንንሽ ጭረት ይከበዋል፤ ከዚያ ቦታው ጉም የለበሰ ይመስላል።

ሳኒታይዘርን ለብቻው ላንሣው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ሳኒታይዘር የሌለው ታክሲ አልነበረም። እጁን አርሶ፣ ሳይደርቅ ስክሪን የሚነካው ብዙ ነበር፤ በሳኒታይዘር ስክሪኑን የወለወለም አለ። ሳኒታይዘር አልኮል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አሠራር እንኳ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል። ግሊሰሪኑ አይተንም፤ ስክሪኑ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል። አልኮሉ ራሱስ? በዚህ ላይ አምራቾቹ አንድ አይደሉም፤ የሚፈቅድ አለ፣ የሚከለክል አለ። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ካልፈቀደ አትንኩት። እጃችሁን ሳኒታይዘር ከተቀባችሁ ደግሞ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከሁሉ በላይ በየቀኑ የሚገጥመን ግን ላቫጆ ውስጥ ያለው ነው። መኪናችን ታጥባ ስታልቅ ወጣቱ በአንድ እጁ የሚረጭ ጣሳ፣ በሌላው ፎጣ ይዞ ይመጣል። ጣሳው ዳሽቦርድ ማብረቂያ ነው፤ ሽታው ደስ ይላል፤ ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ለዳሽቦርዱ ፕላስቲክ መልካም ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሲደርስ ግን ቀስተ ደመና የሚያሳይ ቅባት ይሆናል። ፎጣው ደግሞ ቀድሞ በሩን፣ ጎማውን፣ የእግር መርገጫውን የጠረገ ነው። በዚያ ፎጣ ውስጥ ያለውን አሸዋ አስቡት።

ባለፈው ሳምንት ከወጣቱ ጋር እንዲህ ተነጋገርን።

«ጋሼ፣ ስክሪኑን ልወልውልልዎት?»

«ወንድሜ፣ ዳሽቦርዱን እንደ ልማድህ አድርገው። ማብረቂያውን ግን ፎጣው ላይ ርጨው እንጂ ዳሽቦርዱ ላይ አትርጨው። ስክሪኑን ለእኔ ተወው።»

«ምነው ጋሼ፣ የእኛ አጠራረግ አስቀየመዎት?»

አልተቀየምኩም። ወደ ውስጥ አስገባሁትና በስልኬ መብራት ስክሪኑን ከጎን አበራሁለት። ጭረቱን አየ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳበሰው፤ ከዚያ የያዘውን ፎጣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ተመለከተው። የአሸዋ ፍንጣሪ ጨርቁ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። «እስከ ዛሬ የነገረን የለም ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው። እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመው መኪናችንን የሚያጸዱት ሊያስደስቱን ነው፤ እኛ ግን ጉርሻ እንጂ እውቀት ሰጥተናቸው አናውቅም። የመነጽር ጨርቅ የሚያህል ማይክሮፋይበር ሰጠሁት፤ ለስክሪን ብቻ እንዲሆን ከፎጣዎቹ ለይቶ በላስቲክ ሸፍኖ ያዘው።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ ያለ ስለሆነ። ሐይቁ ዳር ወርደው መኪናና ሞተር የሚያጥቡ አሉ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። የገባው ሳሙና፣ የገባው ዘይት ተጠርጎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ ቆመን የምንበላው ቆሮሶ ዓሣ የሚኖረው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። መኪናችንን ሐይቁ ውስጥ አናጥባት። ለስክሪን ደግሞ አንድ ማንኪያ ውሃ ይበቃል።

ጭረት የገባበት ስክሪን ያላችሁ፣ እንደ እኔ፣ ተስፋ አትቁረጡ። ጭረቱን ለመፋቅ አትሞክሩ። ስልክ የሚጠግኑ ሱቆች ለመኪና ስክሪን የሚሆን ተለጣፊ መከላከያ ይሸጣሉ፤ በልኩ የተሠራም፣ በመቀስ የሚቆረጥም አለ። ደቃቁን ጭረት ይሸፍነዋል፤ አዲስ ጭረት ሲመጣም የሚጫረው እሱ ነው፤ ሲያረጅ ልጣችሁ ትጥላላችሁ። ከመለጠፉ በፊት ስክሪኑ ከላይ እንዳልኩት መጽዳት አለበት፤ ከሥሩ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከቀረች እድሜ ልኳን እንደ ብጉር ትታያለች።

በመጨረሻ ጨርቁን አደራ። ማይክሮፋይበር ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ የሌላውን ጨርቅ ብናኝ ይሰበስባል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ለብቻው እጠቡት፤ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ክሮቹን በቅባት ሸፍኖ አቧራ መያዛቸውን ያስተዋቸዋል። ከሐዋሳ ንፋስ ራቅ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አስጡት፤ ደጅ የተሰጣ ጨርቅ ሳይደርቅ አቧራውን ጠጥቶ ይገባል። መሬት ላይ ከወደቀ ሳይታጠብ ስክሪን አይነካም። ሲደርቅ በላስቲክ ጠቅልላችሁ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሶፍቱን ከዚያ አውጥታችሁ።

ፀሐይዋ ውሃው ላይ ልትጠልቅ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ጭረቶች እየጠፉ ነው፤ ነገ በ11 ሰዓት ተመልሰው ይታያሉ። መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ቤት ልግባ። እስከ ሳምንት በዚሁ ሰዓት ደኅና ቆዩ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)